ሰላምታ በሁለት ጎማ፦ የደሴና የኮምቦልቻ ብስክሌተኞች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

በደሴ፣ በኮምቦልቻና በዙሪያቸው ሳይክል የሚነዱ ሰዎች መንገድ ላይ ሰላም ስለመባባል የሚጠይቁትን ከቀላሉ ጀምረን ወደሚያከራክረው አስቀምጠነዋል።

የማላውቀውን ብስክሌተኛ ሰላም ማለት ይጠበቅብኛል?

ግዴታ የለብዎትም። ቢለምዱት ግን ትርፉ ብዙ ነው። በደሴ ዳገት ደፍሮ ሳይክል የሚነዳ ሰው ብዙ ስላልሆነ፣ በአንድ መንገድ በአንድ ሰዓት የሚመላለስ ሰው ከሳምንት ሳምንት የሚያየው እነዚያኑ አምስት ስድስት ፊቶች ነው። ለሁለት ሳምንት አንገቱን እየነቀነቀ ያለፈ ሰው፣ በሦስተኛው ሳምንት ጎማው ቢተነፍስ የሚቆምለት አያጣም። ጨርሶ የማያውቁትን ሰው ለመርዳት መቆም ያስፈራል፤ ፊቱን የለመዱትን ትቶ ማለፍ ደግሞ ያሳፍራል።

ሰላምታው የመንገድ ሥራም አለው። መጋጠሚያ ላይ አንገቱን የነቀነቀልዎት ነጂ አይቶዎታል ማለት ነው። ያላየዎት ሰው አይመልስም፤ እርስዎም ፍሬን ላይ ጣት ጥለው ይጠብቁታል።

ለሁሉም ይዳረስ ማለታችን ግን አይደለም። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ሲለቀቅ እግረኛው፣ ባጃጁና ሳይክሉ በሚደባለቅበት ሰዓት ዓይን ለዓይን የተገጣጠሙትን ብቻ ሰላም ማለት ይበቃል። እዚያ መሀል ሁሉንም ሰላም ልበል የሚል ሰው የፊቱን መንገድ አያይም።

ማን ነው መቅደም ያለበት?

ወሎ ውስጥ የዚህ መልስ ሳይክል ከመምጣቱ በፊት ያለቀ ነው። በእስልምናው ሥርዓት ጋላቢ እግረኛውን፣ የሚሄደው የተቀመጠውን፣ ጥቂቶቹ ብዙዎቹን ቀድመው ሰላም ይላሉ። በቅሎ ላይ ያለ ሰው ታላቁን ሲያገኝ ወርዶ እጅ መንሳቱም የቆየ ልማድ ነው። ሳይክልም ከእግረኛ ከፍ ያለ ኮርቻ ስለሆነ፣ እግረኛውን ቀድሞ ሰላም ማለት የነጂው ድርሻ ነው።

ብስክሌተኛና ብስክሌተኛ ሲገናኙ አላፊው ታላፊውን፣ ቁልቁል የሚወርደው ዳገት የሚወጣውን ይቀድማል። ዳገት የሚወጣ ሰው ትንፋሹ ለእግሩም አልበቃው፤ ከሱ ቃል መጠበቅ ግፍ ነው። አገጩን ትንሽ ካነሳ መልሷል። ሜዳ ላይ ፊት ለፊት ሲገናኙ ቀድሞ ያየ ይቀድማል፤ ሌላ ሕግ አያስፈልገውም።

በቡድን ስትሄዱ ደግሞ ፊት ያለው አንድ ሰው ለሁሉም ሰላም ይበል። ሰባት ሰው ተራ በተራ «ሰላም!» እያለ ካለፈ፣ ያ ብቻውን የሚመጣ ምስኪን ሰባት ጊዜ እየመለሰ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል።

እጄን ላንሳ ወይስ አንገቴን ልነቅንቅ?

አንገት ይበቃል። ምክንያቱም አንድ እጅ ከመሪው ሲነሳ አብሮት አንድ ፍሬን ይነሳል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በደረቅ አስፋልት ሁለቱንም ፍሬን በደንብ ከያዘ ለመቆም 17 ሜትር ገደማ ያስፈልገዋል፤ ከዚህ ግማሽ ያህሉ ነገሩን አይቶ ፍሬኑን እስኪይዝ የሚሄደው ነው። የኋላ ፍሬን ብቻ ከቀረለት ርቀቱ ከ25 ሜትር ያልፋል። የፊት ፍሬን ብቻ ቀርቶለት በድንጋጤ በአንድ እጁ ጨምቆ ከያዘው ደግሞ መሪው ይዞርበታል።

የትኛው እጅዎ የፊቱን ፍሬን እንደሚይዝ ይወቁ፤ ወደ አገራችን የሚገቡት ሳይክሎች አንድ ዓይነት አይደሉም። ሳይክሉን እየገፉ በአንድ ጊዜ አንዱን ማንሻ ብቻ ይጫኑ። የኋላው ጎማ ብድግ ሊል ከቃጣ የያዙት የፊቱን ነው።

እጅ ማንሳት የሚወድ ሰው መሪውን ሳይለቅ ሁለት ጣት ያንሳ። አውራ ጣትና ቀሪዎቹ ጣቶች መሪውን እንደያዙ ጠቋሚውና መሀለኛው ጣት ከፍ ይላሉ፤ ከ20 ሜትር በደንብ ይታያል። ሙሉ እጅ የሚነሳው በሜዳ፣ በዝግታ፣ ባዶ መንገድ ላይ ነው። ያን ጊዜም ቀኝ እጅ ይመረጣል። አንደኛ፣ በግራ እጅ ሰላምታ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ሁለተኛ፣ አገራችን ከ1956 ዓ.ም. ወዲህ በቀኝ ስለምትነዳ ወደ ጎን የተዘረጋ ግራ እጅ «ወደ ግራ ልታጠፍ ነው» የሚል ፍሬቻ ነው። ከኋላ ያለው ባጃጅ ሰላምታዎን እንደ ፍሬቻ አንብቦ በቀኝዎ ሊያልፍ ከሞከረ ጥፋቱ የሱ ብቻ አይሆንም።

ምን ልበል? ቃሉስ የትኛው ነው?

አጭር ይሁን። ፊት ለፊት የሚገናኙ ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ቢሄዱ፣ 25 ሜትር ላይ ከተያዩ እስኪተላለፉ ሦስት ሰከንድ ነው ያላቸው። «ሰላም!» በዚህ ይገባል፤ «እንዴት አደርክ!» በጥድፊያ ይገባል፤ ከዚያ በላይ ያለው ቃል ግማሹ ከኋላ ይቀራል። እስከ ቀትር «እንዴት አደርክ» ወይም «እንዴት አደርሽ»፣ ከቀትር በኋላ «እንዴት ዋልክ»፣ ፀሐይ ከገባች «እንዴት አመሸህ» ነው። ዕድሜውን ከሩቅ መለየት ካልቻሉ «እንዴት አደራችሁ» ብሎ ማብዛት ማንንም አያስቀይምም። አዛውንት ከሆኑ «እንዴት አደሩ» ነው፤ «አንተ» ብሎ ከማለፍ ዝም ብሎ ማለፍ ይሻላል።

«አሰላሙ አለይኩም» ያለዎትን «ወአለይኩም ሰላም» ብሎ መመለስ ወሎ ውስጥ ሃይማኖት አይጠየቅበትም፤ ክርስቲያኑም ይመልሰዋል። በማያውቁት ሰው ላይ ሲጀምሩ ግን «ሰላም» ለሁሉም ይሆናል።

ዳገት ለሚወጣ ሰው ከሁሉ የሚሻለው ቃል እዚሁ የሚነገረው ነው፦ «አብሽር!» ለሴት «አብሽሪ!»። ሰላምታም ማበረታቻም ነው፤ መልስም አይጠይቅም። «አይዞህ» እና «በርታ»ም ያው ናቸው። «ደረስክ እኮ!» የሚለውን ግን በእውነት ካልደረሰ አይበሉት። በደሴና በኮምቦልቻ መሀል ያለውን የሐረጎን ዳገት ገና ግማሹን ላልወጣ ሰው እንዲህ ማለት ስድብ ነው።

የወሎ ሰላምታ ረጅም ነው። የማውቀውን ሰው በአንድ ቃል ባልፈው አይቀየመኝም?

ሊቀየም ይችላል። ቤተሰብ፣ ልጆች፣ ጎረቤት ሳይጠየቅ ያለፈ ሰላምታ እንደ ግማሽ ሰላምታ ነው የሚቆጠረው፤ ለታላቅ ሰው ሲሆን ይብሳል። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የተቻኮሉበትን ምክንያት በአንድ ቃል መናገር ነው፦ «ሥራ ረፍዶብኝ ነው፣ ማታ እደውላለሁ!» የተባለ ሰው አይቀየምም፤ ማታ መደወል ግን ግድ ይሆናል። ሌላው መቆም ነው።

ከቆሙ ደግሞ በደንብ ይቁሙ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለት ሳይክል አስፋልት ላይ ጎን ለጎን አቁሞ፣ አንድ እግር መሬት አንድ እግር ፔዳል ላይ አድርጎ ማውራቱ ነው። ሁለት ሳይክል ጎን ለጎን ከነሰዎቹ አንድ ሜትር ተኩል የሚያህል መንገድ ይይዛል። ሁለቱም ጎማ ከአስፋልቱ ይውጣ፣ መታጠፊያ ላይ ከሆናችሁ ቢያንስ 30 ሜትር አልፋችሁ ቁሙ፣ ከሳይክሉ ውረዱ። መውረዱ አክብሮትም ነው፤ ኮርቻ ላይ ተቀምጦ ታላቁን የሚያናግር ሰው ሊሄድ የቸኮለ ይመስላል።

ከኋላ ደርሼ ሳልፍ ደወል ልደውል ወይስ ሰላም ልበል?

ሁለቱም፣ በቅደም ተከተል። ከ10 እስከ 15 ሜትር ሲቀር ደወሉን አንዴ ወይም ሁለቴ በአጭሩ፣ ከዚያ ጎኑ ሲደርሱ «ሰላም»። ከሦስት ሜትር የሚደወል ደወል ያስደነግጣል። የደነገጠ ሰው ድምፁ ወደመጣበት ይዞራል፤ ሲዞር መሪውም አብሮት ይዞራል፤ እርስዎ ሊያልፉበት ወዳሰቡበት ይገባል። ድንገት ከጀርባ «ሰላም!» ብሎ መጮህም ያው ጥፋት ነው። ያለ ደወል ከሆነ ጉሮሮን ጠረግ አድርጎ «በግራ ነኝ!» ማለት ይሠራል። ማለፍ በግራ ነው፤ በመሀላችሁ ቢያንስ አንድ ሜትር ይተዉ።

ደወል የሌለው ሳይክል ብዙ ነው። ሲገዙ የመሪውን ቱቦ ውፍረት ይለኩ፤ እጀታው አካባቢ በአብዛኛው 22 ሚሊ ሜትር ነው። የሚገጠመው አውራ ጣት ከመሪው ሳይነሳ በሚደርስበት ቦታ ነው። መሪው መሀል ላይ የተገጠመ ደወል ለጌጥ ካልሆነ አይጠቅምም፤ በሚያስፈልግበት ሰዓት እጅ ፍሬን ላይ ነው።

ሲያልፉት ስለ ፍጥነቱ አስተያየት አይስጡ። «ምነው ዛሬ ደከምክ?» ለሚተዋወቅ ሰው ቀልድ ነው፤ ለማያውቁት ሰው ግን ፉክክር መጥራት ይሆናል፤ የከተማ መንገድ ላይ ፉክክር የሚያልቀው ባጃጅ ጀርባ ላይ ነው።

ሐረጎ ላይ ስወርድ ለሚወጡት ምላሽ መስጠት አልቻልኩም። ምን ላድርግ?

ምንም አያድርጉ፣ ይውረዱ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ወደ 600 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ነው የሚወረደው፤ በመሀሉ ጠመዝማዛ አለ፣ ከባድ ጭነት የያዘ ሲኖትራክ አለ፣ በክረምት ጭጋግ አለ። እዚህ ላይ ሁለቱም እጅ ፍሬን ላይ፣ ዓይን መንገድ ላይ ነው። ድምፅ ከተረፈዎት «አብሽር!» ይበሉ፤ ካልተረፈዎት ወጪው ይገባዋል፣ እሱም በሌላ ቀን ይወርደዋል።

ሰላምታ ለማድረስ ብሎ ፍሬን ይዞ መዝለቅም ሌላ ጣጣ ያመጣል። ፍሬኑን ያለማቋረጥ የያዘ ሰው የጎማውን ቸርኬ ያሞቀዋል፤ ጎማው ላይ የሚጠብቅ የላስቲክ ፍሬን ከሆነ ላስቲኩ መያዙን ይቀንሳል። ከመታጠፊያው በፊት ጠበቅ አድርጎ ፍጥነት መቀነስ፣ ቀጥ ባለው ላይ ለቀቅ ማድረግ ነው። ጭጋግ ባለበት ጠዋት ከመታጠፊያ በፊት ደወል መደወል ግን ሰላምታም ማስጠንቀቂያም ስለሆነ አይተዉት።

እግረኛውን፣ ባጃጁን፣ ጋሪውንስ?

የብስክሌተኛው ማኅበር ብስክሌተኛ ብቻ አይደለም። በየቀኑ የሚያልፉበት የባጃጅ ተራ ሾፌሮችን ሰላም የሚል ሰው ከሳምንታት በኋላ ለውጡን ያየዋል፤ የሚያውቁትን ሰው እየገፉ አያልፉትም። ባጃጅ የሚመልሰው በክላክስ ነው፦ አንድ አጭር «ጢጥ» ሰላምታ ነው፣ ረጅሙ «ልቀቅ» ነው። ሁለቱን መለየት ከተለመደ ከኋላ በሰሙ ቁጥር መበሳጨት ይቀራል። ጎሚስታውንም አይርሱ፤ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልግዎት እሱ ነው።

ፈረስ ጋሪና ጭነት የያዘ አህያ ሲያልፉ ደወል አይደውሉ። ከጀርባ የሚመጣ ስል ድምፅ እንስሳውን ያስበረግጋል። ባለቤቱን ከሩቅ በሰው ድምፅ፣ ረጋ ብለው፣ «ሰላም ጋሼ፣ በግራ ላልፍ ነው» ይበሉት። የሰው ድምፅ ሲሰማ እንስሳውም ሰው መሆኑን ያውቃል፣ ባለቤቱም ይይዘዋል። ባቲ ሰኞ ገበያ ነው፤ ዋዜማውንና ዕለቱን በዚያ መንገድ የሚነዳ ሰው ይህ ምክር ብዙ ጊዜ ይጠቅመዋል።

ሴት ብስክሌተኛን ሰላም ማለት ለከፋ አይመስልም?

ሰላምታና ለከፋ የሚለዩት በአራት ነገር ነው። ሰላምታ ለወንዱ የሚባለው ያው ቃል ነው፤ አንድ ጊዜ ይባላል፤ ስለ አካሏ፣ ስለ ልብሷና ስለ አነዳዷ ምንም አይልም፤ ከተባለ በኋላ ሰውየው ፍጥነቱን ሳይቀይር መንገዱን ይቀጥላል። «ቆንጆ» የሚል ቃል የጨመረ፣ አልፎ ዞር ብሎ ያየ፣ ወይም አብሮ ለመንዳት ዝግ ያለ ሰው ሰላም አላለም። «ሴት ሆነሽ እንዲህ?» የሚለውም እንደ ሙገሳ ቢታሰብም ሙገሳ አይደለም፤ በቀን አሥር ጊዜ ትሰማዋለች።

መልስ ካልሰጠች ነገሩ እዚያ አበቃ፤ አይደገምም። ከሳይክል ወርዳችሁ ስትገናኙም እጅ ለመጨበጥ አይቸኩሉ፤ እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው ዝቅ ማለት ይበቃል። እጇን ከዘረጋች ይጨብጡ።

ሴቶች ለሚጠይቁን «ልመልስ ወይስ ዝም ልበል?» ደግሞ መልሳችን የእርስዎ ምርጫ ነው የሚል ነው። ብዙዎቹ ሴት ነጂዎች የሚያደርጉት ለብስክሌተኛ አንገት መነቅነቅ፣ ቆሞ ለሚጣራ ሰው ዝም ማለት ነው። ልዩነቱ ይገባናል፣ ትክክልም ነው።

ልጆች እየጮሁ ይከተሉኛል፣ አንዳንዴም ድንጋይ ይወረውራሉ። ሰላምታ ይህን ይለውጠዋል?

በአብዛኛው ይለውጠዋል፣ ግን መቅደም ያስፈልጋል። ልጅ የሚወረውረው ሮጦ በሚያልፍ ነገር ላይ ነው፤ ስም ባለው ሰው ላይ አይደለም። ከ30 ሜትር በፊት ፍጥነት ቀንሰው «እንዴት ናችሁ ልጆች! ትምህርት ተለቀቀ?» ብለው ይጠይቁ። ጥያቄ የተጠየቀ ልጅ መልስ ሲያስብ እጁ ይረሳል። በተደጋጋሚ የሚያልፉበት ሰፈር ከሆነ አንድ ቀን ቆመው የአንዱን ትልቅ ልጅ ስም ይያዙ፤ በማግሥቱ በስሙ ሲጠሩት የቀሩትን እሱ ራሱ ይቆጣልዎታል።

ብር ወይም ከረሜላ አይስጡ። በቀጣዩ ቀን የሚጠብቅዎት ሰላምታ ሳይሆን የተዘረጋ እጅ ነው፤ ከእርስዎ በኋላ የሚመጣውም ብስክሌተኛ ባለዕዳ ይሆናል። ድንጋይ ከተወረወረ አያሳድዱ፤ አቅራቢያ ላለው ሱቅ ወይም ለተቀመጡት አዛውንት «ልጆቻችን እንዲህ አደረጉ» ብሎ መንገር ከሩጫ ይበልጣል። «ልጆቻችሁ» አይበሉ።

ለቅሶ፣ ሶላት ወይም የቆሙ ሽማግሌዎች ካጋጠሙኝ?

ቀብር የሚሄድ ሰው ከመጣ ደወልም «ሰላም»ም የለም። ይውረዱ፣ ሳይክሉን ዳር ይያዙ፣ ኮፍያ ወይም ሄልሜት አውልቀው እስኪያልፍ ይቁሙ። በሰልፉ መሀል ተሽሎክሉኮ መንዳት ለዓመታት የሚነገር ነውር ነው። ዓርብ ጁምዓ ሲለቀቅ መስጊድ አጠገብ፣ እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሕዝቡ መንገዱን ይሞላል፤ እዚያም ወርዶ እየገፉ ማለፍ ነው። በእግር ሲሆኑ ሰላም የሚባለው ሰው ይበዛል፣ ያ ኪሳራ አይደለም።

ሰላም ብዬ ዝም ቢለኝስ?

ይተዉት፤ ነገም ይበሉት። ያልመለሰበት ምክንያት ዘጠኝ ጊዜ ከአሥር ንቀት አይደለም፤ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አለ፣ ነፋሱ ድምፅዎን ወስዶታል፣ ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ነው፣ ጉድጓድ እየሸሸ ነው፣ ወይም አልፈውት ከሄዱ በኋላ መልሶ እርስዎ አልሰሙትም። የመጨረሻው በጣም ይበዛል። ስለዚህ ሰላምታውን ቀደም አድርጎ፣ ከ20 ሜትር በላይ ሲቀር መጀመር ነው፤ ለመልሱ ጊዜ ይተርፋል።

የልምምድ ልብስ ለብሰው በፍጥነት የሚያልፉ ወጣቶች ብዙ ጊዜ «ኩሩ» ይባላሉ። ትንፋሹን ቆጥሮ የሚነዳ ሰው ቃል አያወጣም፤ ጣት ካነሳ በቂ ነው። እነሱም በበኩላቸው በከባድ ሳይክል ጀሪካን ወይም እንጨት ጭኖ የሚሄደውን ሰው እንደ ብስክሌተኛ አይቆጥሩትም፣ ሰላምም አይሉትም። ይህ የኛ ትልቁ ጉድለት ይመስለናል። በዚህ ከተማ በሳይክል ብዙ ሰዓት የሚያሳልፈው ያ ሰው ነው፤ መንገዱንም ጉድጓዱንም ከሁላችን በላይ ያውቃል።

ቆሞ ያየሁትን ብስክሌተኛ መርዳት እፈልጋለሁ። ምን ልያዝ፣ ምንስ ልበል?

ፍጥነት ቀንሰው «ደህና ነህ? ሁሉ አለህ?» ይበሉ። ይህ ከሁሉም ሰላምታ ይበልጣል። እጁን አውለብልቦ «ደህና ነኝ» ካለ ይለፉ። ካላለ ይቁሙ፤ ግን ሳይጠይቁ ሳይክሉን አይንኩ። በረመዳን ቀን ለደከመ ሰው የውሃ ኮዳ ከመዘርጋትዎ በፊትም ይጠይቁ።

መያዝ ያለበት ትንሽ ነው፦ ሁለት ሦስት ጥጋኝ፣ ማስቲሽ፣ ቁራጭ የብርጭቆ ወረቀት፣ ሁለት የጎማ ማውጫ፣ የእጅ ፓምፕና የ15 ቁልፍ። የብዙ ሳይክሎች የጎማ ዳዶ 15 ነው፤ የፊቱ አንዳንዴ 14 ይሆናል። ፓምፑ የሱን ቫልቭ መግጠሙን ቀድመው ይዩ፤ አንዳንዱ ሳይክል እንደ መኪና ጎማ ያለ ወፍራም ቫልቭ፣ የድሮው ከባድ ሳይክል ደግሞ ውስጡ ቀጭን ላስቲክ ያለው ቫልቭ አለው። በዚህኛው ላይ ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው ጎማው ሳይሆን ያ ላስቲክ ነው፤ ጎማ ከማውጣትዎ በፊት ቫልቩ አፍ ላይ ምራቅ ቀብተው አረፋ ይወጣ እንደሆነ ይዩ።

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲና ወደ ሐርቡ በሚወርዱት መንገዶች አጥፊው የግራር እሾህ ነው። የውስጡን ጎማ ጠግነው ከመመለስዎ በፊት የውጩን ጎማ ውስጡን በጨርቅ ዙሪያውን ይጥረጉት፤ ጨርቁ የያዘበት ቦታ እሾሁ አለ። በጣት ከሆነ ጣት ይወጋል። እሾሁን ሳያወጡ የገጠሙት ጎማ መቶ ሜትር አይሄድም። ጥጋኙ የሚለቅበት ዋናው ምክንያት ደግሞ ችኮላ ነው። ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት ይሞርዱ፣ ማስቲሹን ስስ አድርገው ይቀቡ፣ እርጥበቱ ሄዶ እስኪያጣብቅ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይጠብቁ፣ ከዚያ ለጥፈው ለአንድ ሁለት ደቂቃ ጨምቀው ይያዙ። ያ የመጠበቂያ ሰዓት ነው ስም የሚጠያየቁበት።

ጎሚስታ ጋ ከደረሳችሁ ኮምፕሬሰሩን በአጭር በአጭሩ ያስነፉ። ለመኪና ጎማ የተዘጋጀ ንፋስ የሳይክል ጎማን በሰከንዶች ያፈነዳል። ወፍራም ጥርስ ላለው ጎማ ከ40 እስከ 50 ፒ.ኤስ.አይ. (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ይበቃል፤ የሚፈቀደው ጣሪያ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል።

ከአንገት መነቅነቅ ወደ ትውውቅ እንዴት ይኬዳል?

በቋሚ ሰዓትና በቋሚ ቦታ። ሌላ ብልሃት አላየንም። ሁለት ሰው እሑድ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ደሴ ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ፊት ለፊት ሳይክል አቁሞ ቢቀመጥ፣ በየሳምንቱ ሰላም የሚባባሉት ሦስተኛና አራተኛ ሰዎች ማለፍ ያቅታቸዋል። ሳይክሉ ከመንገድ በሚታይበት ይቁም። ማን እንደሚመጣ አስቀድሞ አይጠየቅ፣ ማንም ቢቀር አይወቀስ፤ ሰዓቱ ግን አይቀየር። አንድ እሑድ 1 ሰዓት፣ በሚቀጥለው 2 ሰዓት የሆነ ስብስብ በአንድ ወር ይበተናል።

የመጀመሪያው ጉዞ አጭርና ሜዳ ይሁን። ኮምቦልቻ በቦርከና ወንዝ በኩል ያለው ለጥ ያለ መንገድ ለአዲስ ሰው ይመቻል፤ ከደሴ ሐይቅ ደርሶ መልስ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ስለሚጠጋ ለሦስተኛ ወር ይቆይ። የጉዞውን ፍጥነት የሚወስነው የመጨረሻው ሰው ነው። የሚጮሁ ቃላት አስቀድመው ይስማሙባቸው፦ «ጉድጓድ!»፣ «መኪና ከኋላ!»፣ «ልቆም ነው!»። ቃሉ ከፊት ወደ ኋላ እየተቀባበለ ይደርሳል። በኅዳር 2011 አዲስ አበባ ላይ እንደተጀመረው «መንገድ ለሰው» ያለ መኪና የሚታገድበት ቀን በከተማችሁ ሲኖር ደግሞ ልጆችን ይዞ ለመውጣት ጥሩ አጋጣሚ ነው።

መዋጮ፣ ማኅተምና ሊቀመንበር ቶሎ አያምጡ። ጀመዓው ገና ሳይጠና ሒሳብ ከገባበት የሚወራው ስለ ሳይክል ሳይሆን ስለ ሒሳብ ይሆናል።

ሲመሽ ሰላም ብሎ ሊያስቆመኝ የሚፈልግ ሰው ቢያጠራጥረኝ?

እየሄዱ ይመልሱ። ሰላምታ መመለስ ግዴታ ቢሆን እንኳ መቆም ግዴታ አይደለም። እርዳታ የሚፈልግ ከመሰለዎት 20 ሜትር አልፈው፣ መብራትና ሰው ያለበት ቦታ ላይ፣ ሳይወርዱ ዞር ብለው ይጠይቁ። በእውነት የተቸገረ ሰው ከዚያ ርቀት ያስረዳል። ስልክዎን መሪ ላይ ከሰኩ ሲመሽ ወደ ኪስ ያስገቡት።

የፊት መብራትዎ ከአምስት እስከ ስድስት ሜትር ፊት ለፊት መሬት ላይ እንዲያርፍ ዝቅ ይበል። መብራት ማብለጭለጭን እንደ ሰላምታ የሚጠቀሙ አሉ፤ ለተቀባዩ ሰላምታ አይደለም፣ ለጥቂት ሰከንድ መታወር ነው። ማታ በድምፅ ብቻ።

ሰላም ከተባባልን ጥቂት ቀን በኋላ «ሳይክልህን አንዴ ልንዳት» ቢለኝስ?

በጣም የሚጠየቅ፣ ሰውንም በጣም የሚያጣላ ይህ ነው። እምቢ ማለት ይቻላል፤ ግን በሰበብ አይሁን። «ፍሬኗ ተበላሽቷል» ብለው እዚያው ነድተው ሲሄዱ ያይዎታል። «ለሥራ የምመላለስባት እሷው ብቻ ናት፣ ይቅርታ» ያለ ሰው ክብሩም ወዳጅነቱም ይተርፋል።

ከፈቀዱ ደግሞ ከመስጠትዎ በፊት ሁለት ደቂቃ ይውሰዱ። ኮርቻውን በቁመቱ ያስተካክሉለት፤ ተረከዙ ዝቅ ባለው ፔዳል ላይ ሲያርፍ ጉልበቱ ቀጥ ማለት አለበት። የፊቱ ፍሬን በየትኛው እጅ እንደሆነ እዚያው ቆሞ እንዲይዘው ያድርጉ፤ ከሱ ሳይክል የተገላቢጦሽ ከሆነ በመጀመሪያው ቁልቁለት ይወድቃል። ከየት እስከ የት እንደሚነዳና በስንት ደቂቃ እንደሚመለስ ይነጋገሩ። «እስከዚያ ዛፍ ደርሰህ ና» የተባለ ሰው ይመለሳል፤ «ትንሽ ንዳት» የተባለው ግን ገራዶ ድረስ ይሄዳል።